ያልጮኸው ሳጥን

«ሳጥኑ ይምጣ» አለ ሀብተጊዮርጊስ። «ወንድሜን የበላውን ሳጥን በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።»

ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሹክሹክታ ቆመ። ለቅሶው ሁለተኛ ቀኑን ይዟል። ከኦቾሎ የወረዱት ደገኞች ጦራቸውን ውጭ ማንጎው ላይ አስደግፈው፣ በዚያ ሙቀት ቡልኳቸውን ሳያወልቁ በላብ እየተጠመቁ በአንድ ወገን ተቀምጠዋል፤ የቆላዋ ሲቀላ ጎረቤቶች በሌላው። ደገኛ ቆላ ወርዶ ልብሱን ካወለቀ ክብሩ አብሮ የሚወልቅ ይመስለዋል። በሁለቱ መካከል የሟች ሚስት ወርቂቱ ጭንቅላቷን ተላጭታ ሰሌን ላይ ቁጭ ብላለች።

ዓይን ሁሉ ወደ ዳና ዞረ። ዳና የሟች አንድ ልጅ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቶታል፤ በአንድ የመንግሥት ጋራዥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ሳጥኑን የሠራው እሱ ነው። ወደ እናቱ ተመለከተ። እናት ለልጇ ትቆማለች ብሎ የጠበቀ ካለ ወርቂቱን አያውቃትም።

«ምን ታየኛለህ?» አለችው። «አጎትህ አምጣ ብሎሃል፤ አምጣ።»

አመጣው። የሻይ ቅጠል ማሸጊያ የነበረ የእንጨት ሳጥን ነው። ሆዱ ውስጥ አራት የባትሪ ድንጋይ፣ ከሞተ ሬዲዮ የተነቀለ ድምፅ ማጉያ፣ እግራቸው እንደ ሸረሪት የቀጠነ ጥቃቅን የሬዲዮ ፍሬዎች አሉ። ሀብተጊዮርጊስ በዱላው ጫፍ ገፋ አደረገው፤ ውሻ ሞቶ እንደሁ የሚያረጋግጥ ሰው ይመስል ነበር። ይሄ ነው? አለ። ለዚህ ነው ኦይታ ከእኛ ተለይቶ ቆላ የወረደው?

ኦይታን የገደለው ጉማሬ ነው። ጫሞ ሐይቅ ዳር የሙዝ ማሳ ነበረው። ጉማሬ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከሐይቁ ይወጣል፤ የወጣበትን ማሳ ሲበላም ሲረግጥም ለባለቤቱ አይተውለትም። ዳና ማሳውን ዙሪያውን በሽቦ አጠረና የሽቦውን ሁለት ጫፍ ማማው ላይ ከተሰቀለው ሳጥን ጋር አያያዘው። ሽቦው ሲበጠስ ሳጥኑ ይጮኻል። ሁለት ክረምት እንደዚያ ጮኸ፤ ኦይታም ሁለት ክረምት ከማማው ሳይወርድ ቆርቆሮ እየደበደበ ጉማሬ መለሰ። ባለፈው ዓርብ ሳጥኑ ዝም አለ። ሳጥኑ ዝም ካለ ጉማሬ የለም ብሎ ኦይታ ገና ብርሃን ሳለ ከማማው ወርዶ ሙዙ ውስጥ ገባ። ጉማሬው ግን ሽቦውን በጥሶ ከገባ ቆይቷል። ኦይታ ሳያውቅ በእንስሳውና በውኃው መካከል ቆመ። በጉማሬና በውኃ መካከል የቆመ ሰው ታሪኩ አጭር ነው። የኦይታን ጩኸት ሰምተው የመጡት ዓሣ አስጋሪዎች በመረብ ጠቅልለው አመጡት።

ሀብተጊዮርጊስ ዱላውን ተደግፎ ተነሣና ሁሉም የሚያውቀውን እንደ አዲስ ተናገረ። በአውሬ የሞተ ሰው ዝም ብሎ አይሞትም፤ ጎሜ አለበት። ክልክል የሻረ ሰው በቤቱ ውስጥ አለ። የሻረው ሰው በሰው ፊት ካልተናገረ ሞቱ አንድ ሰው ወስዶ አይጠግብም፤ ይደግማል። ድንኳኑ በአምስተኛው ቀን ይነሣል። እስከዚያ ጎሜው ካልተነገረ ይህን ሳጥን የሠራ እጅ ከዘመድ ማዕድ ይወጣል። ኦቾሎ አይረግጥም፤ ሲታመም አይጠየቅም፤ ሲሞት የሚቀብረው አይወርድም።

«ጊዜ ስጡኝ» አለ ዳና። «ለምን ዝም እንዳለ ልወቅ። መርምሬ ጥፋቱ የእኔ ከሆነ እዚሁ ቆሜ እናገራለሁ።»

«በለቅሶ ላይ ልትጫወትበት ነው?»

ወርቂቱ እጇን አነሣች። ሴት በወንዶች ሸንጎ እጅ አታነሣም፤ እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ እንዳነሣች ነው። «ይመርምር» አለች። «ራሱን የሚያስርበትን ገመድ ራሱ ይፍተል።»

ዳና ሳጥኑን አቅፎ ድንኳኑ ጥግ ተቀመጠ። በእሱ ዙሪያ የነበሩት ሰዎች ምንጣፋቸውን እየጎተቱ ራቅ አሉ።

ወርቂቱ ሳጥኑን የጠላችው ገና ሳይሠራ ነው። ኦይታ ሸማኔ ነበር፤ ኦቾሎ ላይ ከእሱ የተሻለ ቡልኮ የሚሠራ አልነበረም፤ ይህን ጠላቶቹም ያምናሉ። በመሬት አዋጁ ዓመት ከወንድሙ ጋር ተጣልቶ ሲወርድ ሸማ መሥሪያውን በጀርባው ተሸክሞ ነው የወረደው። ያኔ ዳና ትምህርቱን ገና አልጨረሰም። አንድ ቅዳሜ ኦይታ ሁለት ወር የሠራውን ቡልኮ ይዞ ገበያ ወጣ፤ ሲመለስ በብብቱ የያዘው የማይናገር ሬዲዮ ነው። ወርቂቱ ያን ቀን ያለችውን ጎረቤት ሁሉ ሰምቶታል። ለልጁ ነው አለ ኦይታ፤ የሚናገር ሬዲዮ ከሆነ ይሰማዋል፤ የማይናገር ከሆነ ግን ያስተምረዋል። ሌላ ቃል አልጨመረም። እሱ እንደዚያ ነው፤ ሚስቱ መቶ ቃል ስትወረውር አንድ ይመልሳል፤ ያችንም ቆጥቦ።

ልጁ ሬዲዮውን ፈታታው። ዓመት ሙሉ ፈታታው። ቤቱ የቀለጠ እርሳስ ሸተተ፤ የእንጀራ ሰፌድ ላይ ብሎን ተገኘ፤ ወርቂቱ አንድ ቀን ባዶ እግሯን የረገጠችው ቁራጭ ሽቦ ተረከዟ ውስጥ ቀረ። ሬዲዮው ግን አንድም ቀን አልተናገረም። «አንድ ቡልኮ ሙሉ ዝምታ ገዛህ» ትለው ነበር ባሏን። ኦይታ ይስቅና ወደ ሸማው ይመለሳል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፀዳለ መጣች። ፀዳለ የግድግዳ ጎረቤት ናት፤ ለማጽናናት የመጣች መስላ ወሬ ታወርዳለች። ወደ ወርቂቱ ጆሮ ተጠግታ፣ ቀበሌ ውስጥ ስለ ሳጥኑ ሌላ ነገር እንደሚወራ ነገረቻት። ጉማሬ ሰበብ ነው ይላሉ። ልጁ ከጠላት ጋር የሚነጋገርበት ነው፤ ማማ ላይ የሰቀለውም ራቅ ብሎ እንዲሰማለት ነው።

«ማነው የሚለው?»

«እኔ አላልኩም። ሰው ነው።»

«ሰው የሚሉት አንቺው ነሽ ፀዳለ። ሌላ ሰው እዚህ ሰፈር ጊዜ የለውም።»

ግን ወሬው እግር ነበረው። ከምሳ በፊት የቀበሌው ጥበቃ አሸናፊ ጠመንጃውን አንግቶ ድንኳኑ በር ላይ ቆመ። ነፍስ ይማር አለ፤ ወዲያው ደግሞ ዕቃው ለምርመራ ይፈለጋል አለ። ደገኞቹ መሬት መሬት አዩ። ዳና ተነሥቶ ለማስረዳት ሞከረ፤ የማይልክ የማይቀበል ነገር መሆኑን፣ ሽቦ ሲበጠስ ብቻ እንደሚጮኽ ተናገረ። አሸናፊ ከሁሉም የገባው መጮኹ ብቻ ነው። ማን ሲመጣ ነው የሚጮኸው? ሲል ጠየቀ።

ወርቂቱ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ መለሰችለት። «ጉማሬ ሲመጣ ነው። ካድሬ ሲመጣ የሚጮኽ ቢሆንማ የባትሪ ድንጋዩ ሳምንት ባልቆየ።»

ማንም አልሳቀም። አንድ ሽማግሌ ሳቁን በሳል ሸፈነ። አሸናፊ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ሐዘንተኛን ከለቅሶ ድንኳን ጎትቶ መውሰድ እንደማያምርበት አስቦ ሳይሆን አይቀርም፣ ድንኳኑ ሲነሣ ሳጥኑን ራሷ ቀበሌ ድረስ እንድታመጣ አዝዞ ሄደ። ሀብተጊዮርጊስ ይህን ሁሉ ያየው ጥፋት እንደሚለቅም ሰው ነው። አባቱን ያስገደለ ደግሞ ሁላችንንም ሊያሳስር ነው አለ፤ ለማንም ሳይሆን ለድንኳኑ ምሰሶ።

ዳና ግን ሥራው ላይ ነበር። መጀመሪያ የባትሪ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አውጥቶ በትንሽ አምፖል ሞከራቸው፤ አራቱም አበሩ። የእያንዳንዷን ፍሬ እግር በጥፍሩ እየነካ የተላቀቀ መኖሩን አየ። ጉንዳን ገብቶ እንደሆነ አራገፈ። ከዚያ አንዲት አጭር ሽቦ ቆርጦ ማሳውን በሚዞረው በረጅሙ ሽቦ ቦታ ከሳጥኑ ሁለት ጫፎች ጋር አያያዛት፤ ማብሪያውንም ጫነ። ሳጥኑ ዝም አለ። ሰዉ ተገላገልን ብሎ ወደ ወሬው ሊመለስ ሲል ዳና አጭሯን ሽቦ በጠሳት።

ሳጥኑ ጮኸ። ጅግራ ጭራዋን ስትያዝ እንደምትጮኸው ዓይነት ቀጭንና የማያቋርጥ ጩኸት ነው። ሴቶቹ ብድግ አሉ፤ አንዱ ደገኛ ጦሩን ሊያነሣ ወደ ውጭ ሮጠ፤ ውሾች ከሰፈሩ ሁሉ መለሱለት። ዳና ቢያጠፋውም ዘግይቷል፤ የሀብተጊዮርጊስ ዱላ ትከሻው ላይ አርፏል። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ልጁ አልተከላከለም።

«ጤነኛ ነው» አለ ዳና፣ ትከሻውን ሳይዝ። «ሳጥኑ ምንም አልሆነም።»

«ታዲያ ዓርብ ዕለት ምን ዘጋው?»

«እሱን ነው የማላውቀው።»

ወርቂቱ ልጇን ሲመቱት አየች፤ አልተነሣችም። ይበለው ብላ ነበር። ጩኸቱ ግን ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። ሦስት ቀን ሙሉ ሳጥኑ የተበላሸ ነው፤ ልጄ የሠራው ነገር ስለማይረባ ባሌን ገደለ ብላ ያን ይዛ ነበር ያለቀሰችው። አሁን ሳጥኑ ፊቷ ላይ ጮኸባት። ያልተበላሸ ነገር ለምን ዝም ይላል?

የኦይታ ዓይን መጥፋት የጀመረው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ሞራ ነው አሉት ሐኪሞቹ። መጀመሪያ ነጭ ክር ከነጭ ክር መለየት አቃተው፤ ቀጥሎ ቀዩን ከጥቁሩ። አንድ ቀን ከሸማ መሥሪያው ጉድጓድ ወጣና ተመልሶ አልገባም። ያኔ ነው ሙዝ የተከለው። ወርቂቱ ሸማኔ ሙዝ ጠባቂ ሆነ ብላ በሰው ፊት ቀለደችበት። ቀልዱ ለሰው ነበር፤ እሱ ግን ሰምቷል።

ዳና ለአባቱ የመጀመሪያውን ሳጥን ሠራ። ያኛው ሌላ ዓይነት ነው፤ ሁለት ሽቦ ጎን ለጎን ተዘርግቶ፣ አውሬው ረግጦ ሲያነካካቸው የሚጮኽ። ጠል ሲወርድ ጮኸ፤ ቅጠል ሲወድቅ ጮኸ፤ ጉማሬው ግን በመካከላቸው ተራምዶ ገባና ዘጠኝ ሙዝ ረገጠ። ዳና ሳጥኑን ወርውሮ ሁለት ቀን አኮረፈ። በሦስተኛው ቀን ኦይታ ሳጥኑን ከጓሮ በዳበሳ ፈልጎ አነሣና ልጁ ፊት አስቀመጠው።

«ገልብጠው» አለው።

«ምኑን?»

«እኔ ስሸምን ክሩ ደህና ሲሆን ዝም ብዬ እሠራለሁ። የምነቃው ሲበጠስ ነው። ሳጥንህ በደህናው ቀን ዝም ይበል፤ ሲበጠስ ይጩኽ።»

ዳና አፉን ከፍቶ አባቱን አየ። ሌሊቱን ሳይተኛ ገልብጦ ሠራው። ሽቦው ሙሉ እስከሆነ ድረስ የሳጥኑን አፍ እንደሚይዝ እጅ ነው፤ ሽቦው ሲበጠስ እጁ ይነሣል፤ ሳጥኑ ይጮኻል። የባትሪ ድንጋይ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ቶሎ እንዳያልቅ ብሎ ኤሌክትሪኩን ፍሰት በሚያንቅ ባለ ቀለበት የሬዲዮ ፍሬ አቀጠነው፤ ሳጥኑ ሲጠብቅ ውሎ የሚያድረው በጠብታ ነው። ሽቦውን ያገኙት ከተቃጠለ ሞተር ነው። ያን ሁሉ መዳብ የፈታው ኦይታ ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ክር እንደሚያጠነጥን በእጁ እያጠነጠነ፣ የላላውንና የተሰበረውን በጣቱ እያወቀ። ያን ሰሞን ቤቱ ውስጥ ያፏጭ ነበር። ወርቂቱ ጆሮዬን አሳመምከው ብላ አስቆመችው።

ዳና ሽቦውን የዘረጋው በደረቅ ችካል ላይ ነው። በየችካሉ ራስ ላይ ከአሮጌ የበርባሶ ጫማ የተቆረጠ ጎማ ቸንክሮ ሽቦውን ከጎማው ላይ አሳረፈ። ሽቦው ልብስ የለውም አላቸው ለሁለቱም፤ ከጎማው ሌላ ምንም እንዳይነካ፤ እርጥብ ነገር ሁሉ የሽቦ ዘመድ ነው። ወርቂቱ ሳቀችበት። ለሽቦ ጫማ የሚያጠልቅ ልጅ ወለድኩ አለች።

ሦስተኛው ቀን ሲመሽ ዳና ድንኳኑ መካከል ቆሞ አንድ ጥያቄ ጠየቀ። አባቱ ከመሞቱ በፊት በነበረው ሳምንት እሱ ካምባ ወደሚባል አገር ወፍጮ ሊጠግን ሄዶ ነበር። በዚያ ሳምንት ሽቦውን የነካ ሰው አለ?

 ወርቂቱ ከሰሌኑ ጫፍ ስንጥር መንቀል ያዘች። 

እሷ ነክታዋለች። ዳና በሄደ በማግስቱ ሀብተጊዮርጊስ ሦስት ሰው አስከትሎ ሳያስታውቅ ወርዶ ነበር፤ ከስንት ዓመት ኩርፊያ በኋላ። እንግዳ ይበላል። እንጨት ደግሞ የለም፤ የደን ጠባቂዎች በዚያ ሰሞን ጫካ የገባችን ሴት ሁሉ ጭራሮዋን ከነገመዷ ይነጥቁ ነበር። ወርቂቱ ሙዝ ልትቆርጥ ማሳ ወርዳ የዳናን ችካሎች አየች። ደረቅ፣ ቀጥ ያሉ፣ ለማገዶ የተፈጠሩ። በሐይቁ ወገን ያሉትን ዘጠኙን ነቀለች። ሽቦውን ግን አልጣለችም፤ ባለጌ አይደለችም። ከየአጠገቡ ባለው የሙዝ ግንድ ላይ በቃጫ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። ቋጠሮዋን ማንም አይፈታውም። ከችካሉ ይልቅ ግንዱ ይሻላል ብላ ነበር፤ ምስጥ አይበላው፣ ንፋስ አይጥለው። ኦይታ ዓይኑ ስለማያይ አልነገረችውም። ነገሩን ከዚያ በኋላ አላሰበችውም።

ታዲያስ? አለች ለራሷ። ማሰር ማሰር ነው። ሽቦው ይበጠስ ዘንድ ምን ላይ መታሰሩ ምን አገባው?

በአራተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ሙቀቱ ደገኛውንም ቆለኛውንም አስተኝቶ፣ ዳና ሳጥኑን በጨርቅ ሸፍኖ በጓሮ ወጣ። የሟች ደም የፈሰሰበት መሬት ድንኳኑ ሳይነሣ አይረገጥም፤ ሊረግጠው ነው። ወርቂቱ አየችው። ልታስቆመው ተነሣች፤ ሳታስቆመው ተከተለችው። ሐዘንተኛ ሴት በቀን በመንገድ ስትሄድ ያያት ሰው ምን እንደሚል አስባ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ አወረደች፤ ግን ሄደች።

ማሳው የሰው ድምፅ የለውም። ከሐይቁ በኩል የጀልባ መቅዘፊያ ብቻ ይሰማል። ወርቂቱ ሙዙ ውስጥ ቆማ፣ ልጇ ሽቦውን እየተከተለ ሲሄድ በቅጠሎቹ መካከል አየችው። ጉማሬው የበጠሰበት ቦታ ደረሰ፤ ሁለቱ ጫፎች ተለያይተው መሬት ሳይነኩ ከግንዶቹ ላይ ተንጠልጥለዋል። ዳና ሳጥኑን ማማው ሥር ከሽቦው ጋር አያያዘና ማብሪያውን ጫነ። ሽቦው ተበጥሷል። መጮኽ ነበረበት። አልጮኸም።

 ልጁ ወደ ሐይቁ ወገን ሄዶ የመጀመሪያውን የሙዝ ግንድ ነካ፤ ቃጫውን ነካ፤ የእናቱን ቋጠሮ ያውቀዋል። አጎነበሰና ችካሉ የተነቀለበትን ጉድጓድ በእግሩ አየ።  ቋጠሮዎቹን በቢላ እየቆረጠ፣ ሽቦውን ከግንዶቹ አላቆ በደረቅ እንጨት ደግፎ አነሣው፤ አንዱን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ሰባተኛው ላይ ሳጥኑ ጮኸ።

ወርቂቱ ያን ጊዜ ገባት። ማንም ሳያስተምራት ገባት። የሙዝ ግንድ ውኃ ነው፤ ሥሩም እርጥብ መሬት ውስጥ ነው። ሽቦው ቢበጠስም ግንዶቹ በመሬቱ ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘው የሳጥኑን አፍ ይዘውት ነበር። ያችን ጠብታ ኤሌክትሪክ ግንዶቹ ጠጧት። ሳጥኑ ሊጮኽ እየፈለገ አፉን ይዛው የነበረችው እሷ ናት።

ዳና ሳጥኑን አጠፋና መሬት ላይ ተቀመጠ። እናቱ እያየችው ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ሲነሣ ግን እሷ ያልጠበቀችውን አደረገ። የተቆራረጡትን ቃጫዎች አንድም ሳይቀር ለቅሞ ሐይቁ ውስጥ ወረወራቸው። የችካሎቹን ጉድጓድ ዘጠኙንም በተረከዙ ደፈነ፤ ደረቅ ቅጠል አለበሳቸው።

ወርቂቱ ቀድማው ቤት ገባች። ሰሌኗ ላይ ተቀመጠች። ሲገባ ቀና ብላ አላየችውም፤ እሱም አላያትም።

አምስተኛው ቀን ማለዳ የድንኳኑ ገመድ ከመፈታቱ በፊት ሁሉም ተሰበሰበ። ፀዳለ የተሻለ ቦታ ለመያዝ ከሁሉ ቀድማ መጥታለች። ሀብተጊዮርጊስ ከመንገድ ዳር ያስቆረጠውን እርጥብ ሣር ይዞ ቆመ፤ ጎሜውን የተናገረ ሰው የይቅርታ ሣር ይቀበላል፤ ያልተናገረ ይወጣል። ዳናን ምን አገኘህ? አለው።

ዳና ድምፁን ሳያነሣ ተናገረ። ሽቦው በሐይቁ ወገን በእርጥብ ግንድ ላይ ታስሮ ነበር፤ ሳጥኑን ዝም ያሰኘው እሱ ነው። ያሰርኩትም እኔ ነኝ አለ። ችካል አጥሮኝ ነው፤ ለአባቴም አልነገርኩትም።

ከደገኞቹ ወገን ጉርምርምታ ተነሣ። ሀብተጊዮርጊስ ራሱን ነቀነቀ፤ ያወቀው ነገር የተነገረው ሰው ኩራት ፊቱ ላይ ነበር። በል እንግዲህ አለ፤ በራስህ አፍ ተናገርክ፤ ግን አባትን የገደለ እጅ በሣር ብቻ አይነጻም፣ ለሰባት ዓመት ከእኛ ጋር አትበላም፣ ኦቾሎም አትወጣም። ዳና ጎንበስ ብሎ ፍርዱን ተቀበለ።

ወርቂቱ ተነሣች። ጉልበቷ እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ።

«ማን ለምኖህ ነው?» አለች ለልጇ። «ማን ነው እናትህን ደብቅ ያለህ?»

«እማዬ፣ ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም። ስሰርቅ አላየኸኝም፣ ስዋሽ አላየኸኝም፤ ዛሬ በአንተ ጀርባ ተሸሽጌ ልኑር? ለሰው ጎሜ ሣር የተቀበለ ሰው ሁለት ጊዜ ይሞታል፤ አንተን ሁለት ጊዜ አልወለድኩህም።» ወደ ሀብተጊዮርጊስ ዞረች። «ችካሉን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ነው። ሽቦውን ግንድ ላይ ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ፣ ይሄ ልጅ ካምባ ሳለ። ከጎማው አታውርዱት ብሎን ነበር። ሳቅኩበት።»

 ፀዳለ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ለምን ነቀልሽው?» አለ ሀብተጊዮርጊስ።

«እርስዎ መጡብኝ። ሦስት ሰው አስከትለው። የበሉት የበቆሎ ኩርኩፋ በምን የበሰለ መሰለዎት? እንጨት የለም፤ ለባሌ ወንድም ደግሞ ጥሬ አልሰጥም። ጣፈጠኝ ብለው ሁለት ጊዜ አስጨመሩ።»

 ሽማግሌው ሣሩን የያዘውን እጁን አወረደ። ወርቂቱ እንዲያበቃላት አልፈለገችም፤ ቁስሉን እስከ ሥሩ ልታወጣው ነው። «አንድ ነገር ደግሞ ስሙ» አለች። «ሳጥኑ የልጁ ብቻ አይደለም። ሲበጠስ ይጩኽ ያለው ኦይታ ነው። ሳጥን ሠርቶ የሞተ ሸማኔ አልቅሱለት እንጂ ሳጥን የበላው ሞኝ አታድርጉብኝ። እሱ የሠራው ነገር ደህና ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

 የተነገረ ጎሜን አለመቀበል ለሀብተጊዮርጊስም ጎሜ ነው፤ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ወደ እሷ ተራመደና፣ በልጁ ላይ የተፈረደው ቀርቷል ብሎ ሣሩን ሰጣት። እጇ ላይ አላኖረውም፤ ጫፉን ይዞ እንዳይነካት እየተጠነቀቀ ለቀቀላት። በዓይኑ አላያትም። ወርቂቱም በሁለት እጇ ተቀበለችና አመሰግናለሁ አላለችም።

ደገኞቹ ሳይበሉ ጦራቸውን አንሥተው የኦቾሎን ዳገት ያዙ። ጎረቤቱ ድንኳኑን አወረደ፤ የእድሩን ምንጣፍ ቆጥሮ ጠቀለለ። ፀዳለ የምትነግረው ሰው ለመፈለግ ፈጥና ወጣች። ከቀትር በኋላ ግቢው ውስጥ የቀሩት ሁለቱና ነገ ቀበሌ የሚሄደው ሳጥን ብቻ ናቸው።

ዳና ከድንኳኑ ምሰሶ ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጧል። ጣቶቹ ላይ የማሳው ጭቃ ደርቆባቸዋል። ተቆጥቷል፤ ከማሳው ከተመለሰ ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገራትም፤ ዛሬም የተናገራት ተቀመጪ ብሎ ብቻ ነው። ጥፋቷን ይቅር ብሏት እንደሆነ አታውቅም፤ ሊያድናት የተናገረውን በሰው ፊት ማፍረሷን ግን ይቅር አላላትም። የአባቱ ልጅ ነው፤ ቃል ይቆጥባል። እሷም የምትለው አላገኘችም። ዕድሜዋን ሙሉ አጥታው የማታውቀው ነገር ቢኖር የምትለው ነበር።

የተረፈውን ምግብ አመጣችና ፊቱ አስቀመጠች። ዳና ልማዱ ነውና እጇን ሊያስታጥባት ተነሥቶ ማሰሮውን ያዘ፤ ታናሽ ነው ለታላቅ ውኃ የሚያፈስስ፣ ከዚህ ሌላ በጋሞ ምድር ታይቶ አይታወቅም።

ወርቂቱ ማሰሮውን ከእጁ ወሰደችበት።

«ዘርጋ» አለችው።

አልዘረጋም። ማሰሮው ከበዳት፤ አላወረደችውም። ዳና አያት። ከዚያ ቀስ ብሎ እጆቹን ዘረጋ። ጣቶቹ በቀለጠ እርሳስ የተለበለቡ፣ በየጫፋቸው ጥቃቅን ነጭ ጠባሳ ያለባቸው ናቸው። ስንት ዓመት አብራው ስትኖር አላየቻቸውም ነበር። ውኃውን ማፍሰስ ጀመረች። ጭቃው ወረደ፤ ውኃው ጠራ፤ እሷ ግን አላቆመችም፤ በእያንዳንዱ ጠባሳ ላይ እየዞረች ማሰሮው እስኪያልቅ አፈሰሰች።